ልጅን በአፈር ትራክ የካርት ውድድር ለማስጀመር፦ የትኛው ካርት፣ የትኛው ሞተር?

የመጀመሪያውን ካርት፣ ማለትም ለልጄ ያሰብኳትን ትንሽ የእሽቅድምድም መኪና፣ የገዛሁት ማታ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ በስልኬ ነው። ፎቶው ያምራል፣ ዋጋው ደህና ነው፣ ሻጩም ጨዋ ሰው ነበር። በነጋታው ሄጄ ጭኜ አመጣሁት። ልጄ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጣበት መሪውን ስታዞር የነበራት ደስታ እስካሁን ዓይኔ ላይ ነው። ቅዳሜ ትራኩ ጋ ደርሰን ስናወርደው ግን አጠገባችን ጎማ ሲፈታ የነበረ አንድ አባት ጎንበስ ብሎ ሻሲውን አየና «ይሄ እኮ የአስፋልት ካርት ነው» አለኝ። ያን ቀን ልጄ ሳትሮጥ ተመለስን።

ካርቱ ምንም አልጎደለውም። የተሠራው ወደ ቀኝም ወደ ግራም ለሚጠማዘዝ የአስፋልት ትራክ ነው። አፈር ኦቫል ላይ፣ ማለትም እንቁላል ቅርጽ ባለው የአፈር ትራክ ላይ ደግሞ ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው የሚታጠፉት ወደ ግራ ብቻ ነው። ስለዚህ የአፈር ካርት ሲሠራ ጀምሮ ወደ ግራ ያደላ ነው። መቀመጫው ከመሃል ወደ ግራ ይገፋል፣ ከጠቅላላው ክብደት ከግማሽ በላይ የሆነው በግራዎቹ ሁለት ጎማዎች ላይ ያርፋል። መታጠፊያ ላይ ክብደት በራሱ ጊዜ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ፣ አስቀድሞ በግራ ካልተቀመጠለት የግራ ጎማዎች አፈሩን መያዝ ይተዋሉ። ማስታወቂያ ላይ ግን ሁለቱም «የውድድር ካርት» ናቸው።

መጀመሪያ ትራኩ

ልምድ ያለውን ሰው «ለልጄ የትኛው ካርት ይሻላል?» ብትሉት መልሶ የሚጠይቃችሁ «የት ነው የምትሮጡት?» ብሎ ነው። አሜሪካ ውስጥ የአፈር ኦቫል ካርት በአብዛኛው የየትራኩ ጉዳይ ነው። አንዱ ትራክ ሕጉን ከአንድ ማኅበር ይወስዳል፣ ሌላው ራሱ ይጽፋል። የዕድሜ ክልሉ፣ የሞተሩ ዓይነት፣ የጎማው ስም፣ ካርቱ ከነልጁ ሲመዘን ሊኖረው የሚገባው ዝቅተኛ ክብደት፣ ይሄ ሁሉ አርባ ማይል ርቆ ያለው ትራክ ላይ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ምንም ሳትገዙ ሁለት ቅዳሜ ሄዳችሁ እዩ። ተመልካች ወንበር ላይ ሳይሆን የፒት፣ ማለትም ካርቶቹ የሚዘጋጁበት ግቢ፣ መግቢያ ከፍላችሁ ካርቶቹ መሃል ግቡ። የልጆች ምድብ ሲወጣ ቁጠሩ። በአንዱ ምድብ ሦስት፣ በሌላው አሥራ ሁለት ልጆች ከወጡ ምርጫችሁ ግማሹ አለቀ። ሦስት ልጆች ያሉበት ምድብ ለከርሞ ላይኖር ይችላል። አሥራ ሁለት ባሉበት ግን ያገለገለ ዕቃ ይገኛል፣ የሚያውቅ ሰው ይገኛል፣ ካቴና ቢበጠስባችሁ አውጥቶ የሚሰጥ ጎረቤት ይገኛል። እኔ በግሌ ይህንን ከማንኛውም የቴክኒክ ብልጫ አስቀድማለሁ።

እዚያው ሳላችሁ ጠይቁ። ለልጆች የሚፈቀደው ሞተር የትኛው ነው? ጎማው አንድ ዓይነት ብቻ ነው ወይስ እንደ ፍላጎት? ጎማ በኬሚካል ማለስለስ ይፈቀዳል? ከውድድሩ ሌላ የልምምድ ቀን አለ? ሰው የሚዘነጋው የመጨረሻውን ጥያቄ ነው። ለምሳሌ ማጣሪያው 8 ዙር፣ ዋናው 15 ዙር ነው እንበል። አንዱ ዙር 18 ሰከንድ ቢፈጅ፣ ጠዋት ጭናችሁ ሌሊት ለምትመለሱበት ቀን ልጃችሁ የምትነዳው ሰባት ደቂቃ አይሞላም። በሰባት ደቂቃ መንዳት አይለመድም። ባዶ ትራክ ላይ አንድ ከሰዓት ሙሉ መዞር የሚቻልበት ቦታ ካለ፣ ሜዳው ባያምርም እሱ ይሻላል።

ክፍት ካርት፣ ኬጅ ያለው ካርት፣ ኳርተር ሚጀት

ክፍት ካርት ማለት ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ቱቦ ሻሲ፣ መቀመጫ፣ አራት ጎማ፣ ከላይ ምንም የለም። ቀበቶም የለውም። ይህን ሲሰማ የማይደነግጥ ወላጅ አላየሁም። ምክንያቱ ግን አለው፦ ከላይ የሚሸከም ብረት በሌለበት ካርቱ ቢገለበጥ፣ የታሰረ ልጅ ከሥር ይሆናል። ያልታሰረው ግን ከካርቱ ተለይቶ ይወድቃል። ኬጅ፣ ማለትም ልጁን የሚከብብ የብረት ቱቦ፣ ያለው ካርት ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ብረቱ ልጁን የሚያድነው ልጁ ውስጡ ከቆየ ብቻ ስለሆነ ቀበቶው ጥብቅ መሆን አለበት፣ እጅ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚይዝ ማሰሪያም ይጨመራል። ሁለቱን ማደባለቅ ግን አደጋ ነው። ክፍት ካርት ላይ ቀበቶ የገጠመ አባት አይቻለሁ፤ ከውድድሩ ፈታሾች ጋር ሲከራከር ነበር፣ ደግነቱ አሸነፉት።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ኬጅ ያለው ከበድ ይላል፣ ክብደቱም ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ ጎማ ለጎማ ሲነካካ ቶሎ ይገለበጣል። ክፍቱ ዝቅ ብሎ መሬት ይይዛል፣ ልጁም የኋላ ጎማዎቹ ሲንሸራተቱ በመቀመጫው በኩል ይሰማዋል። መንዳት የሚያስተምረው እሱ ነው ባይ ነኝ። ሆኖም ልጃችሁ ትንሽ ከሆነና ፈራ ተባ የምትል ከሆነ፣ ብረት ከብቧት ስትቀመጥ ትረጋጋለች፤ የተረጋጋ ልጅ ደግሞ ይማራል። ትራኩ ሁለቱንም የሚያሮጥ ከሆነ ሁለቱም ላይ አስቀምጧትና ፊቷን እዩት።

ከሁለቱ ሌላ ለትንንሾቹ፣ በአብዛኛው ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉት፣ ኪድ ካርት የሚባል አለ። ለዘመናት ኮመር የሚባል ባለ 50 ሲሲ ቱ-ስትሮክ ሞተር ሲነዳው ኖሯል። ቱ-ስትሮክ ማለት ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል ማለት ነው፤ ቅልቅሉን የረሳ አባት ሞተር ያቃጥላል። ካርቱ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ልጁ በሁለት ዓመት ውስጥ ይተወዋል። ትራኩ ትንንሾቹን ኃይሉ በተቀነሰ ፎር-ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር በማይቀላቀል) ሞተር የሚያስጀምር ከሆነ እኔ ወደዚያው ነኝ።

ኳርተር ሚጀት ሌላ ዓለም ነው። ሚጀት የሚባለው የአፈር እሽቅድምድም መኪና በአንድ አራተኛ መጠን ተሠርቶ፣ ኬጅ፣ የትከሻና የወገብ ቀበቶ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞላና አሞርዛተር ያለው ነው። ካርት እነዚህ የሉትም፤ የካርት ሞላ ሻሲው ራሱ ሲታጠፍ ነው። ትራኩም ትንሽ ነው፣ የማይል አንድ ሃያኛ፣ ማለትም ወደ 80 ሜትር አካባቢ፤ አስፋልትም አፈርም አለው። ከ5 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች ይነዳሉ፣ አዲስ ልጅም ከመወዳደሩ በፊት ሥልጠና ያልፋል። ይህ ሥልጠና ትልቅ ነገር ነው፤ ካርት ላይ በአብዛኛው አስተማሪው አባት ነው፣ አባት ደግሞ መጥፎ አስተማሪ ነው፣ ራሴን ጨምሮ። በሌላ በኩል ክለቦቹ የሚንቀሳቀሱት በወላጆች ጉልበት ስለሆነ ባንዲራ ማውለብለብ፣ ዙር መቁጠር፣ ሜዳ ማጽዳት ይደርሳችኋል። ሞላ በጨመረ ቁጥር የሚስተካከለውም፣ የሚገዛውም ይበዛል።

ከላይ ትልቅ ክንፍ የተገጠመለት አውትሎው ካርትም አለ። በተለይ በሰሜን ካሊፎርኒያ ሥር የሰደደ ነው፤ ሰሜን ካሮላይና ሳልስበሪ ያለው ሚልብሪጅ ስፒድዌይም ይታወቅበታል። የጀማሪ ምድቡ ረጋ ያለ ነው፣ ላይኛው ምድብ ግን የሞተር ሳይክል ሞተር የተሸከመ እብድ ነገር ነው። አካባቢያችሁ ከሌለ አትጨነቁበት።

«ልጄ ወደፊት ትልቅ ቦታ እንድትደርስ የትኛው መንገድ ያዋጣል?» የሚል ጥያቄ በየፒቱ ይሰማል። ሦስት ዝነኛ የአሜሪካ እሽቅድምድም ነጂዎችን እንይ። ጄፍ ጎርደን በአምስት ዓመቱ አካባቢ የጀመረው በኳርተር ሚጀት ነው። ቶኒ ስቱዋርት በካርት አድጎ እ.ኤ.አ. በ1987 የወርልድ ካርቲንግ አሶሲዬሽን ሻምፒዮን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2021 የናስካር ካፕ፣ ማለትም የአሜሪካ ታዋቂ የመኪና ውድድር፣ ሻምፒዮን የሆነው ካይል ላርሰን በሰባት ዓመቱ አውትሎው ካርት ላይ ተቀመጠ። ሦስቱም ለቤታቸው የቀረበውን ነው የነዱት።

ሞተር፦ የታሸገ ወይስ ርካሽ?

ካርት ከተወለደ ጀምሮ ሞተሩ የውሰት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ አርት ኢንግልስ የመጀመሪያውን ሲሠራ የተጠቀመው የሣር ማጨጃ ሞተር ነበር። ዛሬም አፈር ላይ የምታዩዋቸው ፎር-ስትሮክ ሞተሮች በአብዛኛው የጄኔሬተርና የውኃ ፓምፕ ዘመዶች ናቸው። ምርጫው በተግባር ወደ ሁለት ይጠባል።

አንደኛው የብሪግስ ኤንድ ስትራተን ኤል ኦ 206 ነው። ከፋብሪካ ታሽጎ ይመጣል፤ ማሸጊያው ከተነካ ውድድር የለም። ሞተሩ በደቂቃ ከ6,100 ዙር እንዳያልፍ ኤሌክትሪኩ ራሱ ይገታዋል። የልጆቹ ኃይል የሚቀነሰው በካርቦሬተሩ ውስጥ ባለ ስላይድ (የሚገባውን አየር በሚወስን ተንሸራታች) ሲሆን፣ እንደ ዕድሜው ቀለሙ ይለያያል፤ ዳኛው ቀለሙን አይቶ ያውቀዋል። ልጅ ሲያድግ ሞተሩ አይቀየርም፣ ስላይዱ ይቀየራል። አንድ ሞተር ከስምንት ዓመት እስከ ጉርምስና ይዘልቃል ማለት ነው። ሥራው ዘይት መቀየር፣ አየር ማጣሪያ ማጽዳት፣ ቫልቭ ማስተካከልና ካንዴላ ማየት ነው።

ሁለተኛው ክሎን የሚባለው ነው። የሆንዳ ጂ ኤክስ 200ን ቅርጽ ይዘው ቻይና የሚሠሩ ሞተሮች ናቸው፤ የሃርበር ፍሬይት መደብሮች የሚሸጡት ባለ 212 ሲሲ ፕሬዳተርም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሲገዙት ከታሸገው በብዙ እጥፍ ይረክሳል። ለልጆች በካርቦሬተሩና በሞተሩ መካከል ቀዳዳ ያላት ቀጭን ብረት ትገባና አየሩን ታሳንሳለች። ችግሩ የሚመጣው ሞተሩ ስለሚከፈት ነው። በሕጉ ውስጥ ሆኖ እያንዳንዱን ክፍል ለክቶ የሚገጥም ባለሙያ አለ፣ የሱ ሞተር ከሳጥን ከወጣው ይቀድማል፣ ዋጋውም ከሳጥኑ ዋጋ ጋር አይገናኝም። ርካሽ ሞተር ውድ ውድድር የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ትራኩ «ሳጥን ውስጥ እንዳለ» የሚል ምድብ ካለውና ፍተሻውም እውነተኛ ከሆነ ግን ክሎን ለመጀመሪያ ዓመት የሚናቅ አይደለም።

ስለ ክሎንና ስለ ፕሬዳተር አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። እነዚህ ሞተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ በደቂቃ 3,600 ዙር አካባቢ የሚገታቸው ገቨርነር አላቸው። ፍላይዊላቸውም፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት፣ የተሠራው ለዚያ ፍጥነት ነው። ገቨርነሩ ተነቅሎ ፍላይዊሉ እንዳለ ከተተወ፣ ከፍ ባለ ዙር ሊፈነዳ ይችላል። የሚሽከረከረው ደግሞ ከልጁ ጎን ነው። ያገለገለ ስትገዙ «ገቨርነሩ ወጥቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከወጣ ለውድድር የተሠራ ጠንካራ ፍላይዊል መግባቱን ሸፈኑን አስከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩ።

እኔ ምን እመርጣለሁ? ሁለቱም ምድቦች ሙሉ ከሆኑ ያለ ማመንታት የታሸገውን።

ጎማ፣ ገንዘቡ የሚሄድበት

የካርት የኋላ አክስል አንድ ወጥ ብረት ነው፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ነው የሚሽከረከሩት። መታጠፊያ ላይ ግን የውጭው ጎማ ረጅም መንገድ ይሄዳል። መፍትሔው የቀኙን ጎማ ማስበለጥ ነው፦ የግራው ዙሪያ 33 ተኩል ኢንች ከሆነ የቀኙ ለምሳሌ 34 ተኩል። ይህ ልዩነት ስታገር ይባላል። በሜትር ጎማውን ዙሪያ እየለኩ ሲሯሯጡ የምታዩዋቸው ለዚህ ነው። የጎማ አየር በትንሹ ሲጨመርም ልኩ ይቀየራል፤ ለልጁ የሚሰጥ የመጀመሪያ የቤት ሥራ ከፈለጋችሁ ይህ ነው፣ ሜትሩን ያዢ በሏት።

አፈሩም አይቆምም። ማታ ሲጀመር እርጥብ ሸክላ ነው፣ ጭቃው ካቴናው ውስጥ ይገባል፣ የሄልሜቱን መስታወት ይሸፍናል። እያደር ይደርቅና በጎማ ጠቁሮ እንደ አስፋልት ያብለጨልጫል። ለሁለቱ የሚመች ጎማ አንድ አይደለም። ትልልቆቹ ተወዳዳሪዎች ለዚህ ብለው ተጎታቹ ውስጥ በርካታ ጥንድ ይደረድራሉ፤ በኬሚካል ያለሰልሱታል፣ በሙቀት ያበስሉታል። ሽታው ብቻ የሚበቃ ነው፤ ልጅ አጠገቡ መቆም የለበትም። ጀማሪ እዚህ ውስጥ ከገባ ገንዘቡም ቅዳሜውም አለቀ። አንድ ዓይነት ጎማ ብቻ የሚፈቅድና ኬሚካል የሚከለክል ምድብ ካገኛችሁ፣ ሌላው ሁሉ ባይመቻችሁ እንኳ በዚህ ብቻ ልትመርጡት ይገባል። ከሞተር ምርጫ በላይ የዓመቱን ወጪ የሚወስነው ይህ ነው።

ልብሱና ልኩ

ገንዘብ ካነሰ ከካርቱ ይቀነስ እንጂ ከሄልሜቱ አይቀነስ። ሄልሜት የሚፈትነው የስኔል ተቋም ለልጆች ሞተር ስፖርት ብቻ ያወጣው ሲ ኤም አር የሚባል ደረጃ አለ። ኬ የሚለው ለካርት ነው፣ እሳት መቋቋሙ አይፈተንም። ኤስ ኤ የሚለው ለመኪና ነው፣ እሳትንም ይጨምራል። ትራኩ የትኛውን፣ የየትኛውን ዓመት እንደሚቀበል ሳትጠይቁ አትግዙ። «ሲያድግ ይሞላዋል» ተብሎ ሰፊ ሄልሜት አይገዛም፤ ሄልሜቱን ስታዞሩት ጭንቅላቱ ሳይዞር ብቻውን የሚዞር ከሆነ ሰፊ ነው።

የደረት መከላከያ ኤስ ኤፍ አይ 20.1 የሚል ምልክት ያለበትን ፈልጉ፤ ኤስ ኤፍ አይ የእሽቅድምድም ዕቃ የደኅንነት ደረጃ ነው። የልጅ ደረት ለስላሳ ነው፤ በአጋጣሚ በዚያች ቅጽበት ያረፈ ምት የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። የጎን አጥንት የሚከላከለው ቬስት ሌላ ዕቃ ነው፣ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ኬጅ የምትመርጡ ከሆነ ቀበቶው ላይ የተለጠፈውን ቀን ተመልከቱ፤ የኤስ ኤፍ አይ 16.1 ቀበቶ ዕድሜው ሁለት ዓመት ነው፣ ያገለገለ ካርት ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ ያለፈበት ነው። ረጅም ፀጉር ከልብሱ ሥር ይግባ፤ አክስሉና ካቴናው ከልጁ ጀርባ በስንዝር ርቀት ነው የሚሽከረከሩት። ገመድ ያለው ኮፍያ ልብስም እንዲሁ።

መቀመጫ ትልቅ ሆኖ በትራስ ከተሞላ ልጁ በየመታጠፊያው ጎኑን ይመታዋል፣ ቅዳሜ ማታ ሳይሆን እሑድ ጠዋት ነው የሚነግራችሁ። እግሩም ፍሬኑን እስከ መጨረሻ ገፍቶ ጉልበቱ ትንሽ ታጥፎ መቅረት አለበት፤ ካልደረሰ ፔዳል ማራዘሚያ አለ። ልጁ ቀላል ስለሆነ ዝቅተኛው ክብደት እንዲሞላ እርሳስ (ከባዱ ብረት) ይታሰራል። ለምሳሌ ምድቡ 250 ፓውንድ ቢጠይቅ፣ ካርቱ 160፣ ልጁ ከነልብሱ 60 ቢሆን፣ 30 ፓውንድ እርሳስ መቀመጫው ላይ ይገባል ማለት ነው። በደንብ ባለ ቡሎንና ድርብ ዳዶ ይጥበቅ፤ ከካርት የወደቀ እርሳስ ከኋላ ለሚመጣው ልጅ ድንጋይ ነው። እርሳስ ስለሆነም ቀለም ይቀባ፣ የነካ እጁን ይታጠብ።

አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ያገለገለ፣ ግን ከዚያው ትራክ። ፒት ውስጥ ሲሮጥ ያያችሁትን፣ ልጁ አድጎ ወደ ላይኛው ምድብ የሚያልፍበትን ቤተሰብ ካርት ግዙ። ከነትርፍ ጎማው፣ ከነማርሾቹ፣ ከሁሉም በላይ አባትየው በላዩ ከሚጽፈው ደብተር ጋር፤ የትኛው ቀን ምን ስታገር፣ ምን ማርሽ እንደተጠቀመ ያለበት ደብተር ከአዲስ ሞተር ይበልጣል። ከመክፈላችሁ በፊት ካርቱን ገልብጡት። የሥሩ ቱቦ በመሬት ተፍቆ ጠፍጣፋ ሆኗል? መቀመጫው የሚታሰርበት ብየዳ አጠገብ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አለ? አክስሉን በእጅ አሽከርክሩ፤ ከተወላገደ ጫፉ ሲዞር ይታያል። አዲስ የሚገዛው ልጁ ሁለት ዓመት ነድቶ፣ ጠዋት ሳትቀሰቅሱት ከተነሳ በኋላ ነው።

የኔን የአስፋልት ካርት በመጨረሻ አስፋልት ላይ ለሚሮጥ ልጅ ሸጥኩት፣ ከገዛሁበት ባነሰ። መቀመጫውን ግን ፈትቼ አስቀርቻለሁ፤ ለልጄ ልክ የነበረው እሱ ብቻ ነው፣ አሁንም የምትነዳው በሱ ነው።